ለፊርማዬ የተላኩ ሽማግሌዎች

ባሌ ያገባኝ ሽማግሌ ሳይልክ ነው። ይህን የምናገረው አዝኜበት አይደለም፤ እሱን ማብሸቅ ሲያምረኝ የምመዘው ነገር ስለሆነ ነው። የተጋባነው በሥራ ቀን፣ ዳውንታውን ሎስ አንጀለስ ባለ አንድ የመንግሥት ቢሮ፣ ወረፋ ጠብቀን ነው። የእኔም ወላጆች የእሱም ወላጆች አዲስ አበባ ነበሩ። ምስክር የሆነን አብሮት የሚማር ጓደኛው ነበር፤ እሱም ለመኪና ማቆሚያ የከፈለበት ሰዓት ሊያልቅበት ስለነበር፣ ቃል ስንገባ ከእኛ ይልቅ የእጅ ሰዓቱን ነበር የሚያየው። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ዓመት ያህል አልፏል። ባሌ እንግዳ ፊት ስለ መኪና አነዳዴ ማውራት ሲጀምር «አንተ ደግሞ ዝም በል፤ አንድ ሽማግሌ እንኳ ሳትልክ ወስደኸኝ!» እለዋለሁ። እንግዳው ይስቃል፤ ባሌም ይስቃል። ቀልዱን በሆዱ ይዞት እንደኖረ ያወቅኩት ግን በቅርቡ ነው።

እኔ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ፀጉር ቤት አለኝ። ትንሽ ናት፤ ደንበኛ ሲበዛ እርስ በርስ በክርን እንነካካለን። ከመስተዋቱ በላይ የሥራ ፈቃዴ በፍሬም ተሰቅሏል። ያን ፈቃድ ለማግኘት ዌስትቼስተር ካለ ሆቴል ሥራዬ እየወጣሁ ተምሬ፣ ተፈትኜ ወድቄ፣ እንደገና ተፈትኜ ነው ያለፍኩት። ስለዚህ መንግሥት ለአንድ ሥራ ፈቃድ አምጪ ሲል ቀልድ እንዳልሆነ ከማንም በላይ አውቃለሁ።

ባሌ አካውንታንት ነበር። ጡረታ ሲወጣ አርፎ ይቀመጣል ብዬ ነበር፤ ተሳስቻለሁ። እሱና ጓደኞቹ፣ ወጣት ሆነው ከአዲስ አበባ ለትምህርት መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰዎች፣ ማኅበር አላቸው። ማኅበሩ ለእኛ ልጆች የትምህርት ገንዘብ ያበድራል። ነርስ መሆን የምትፈልግ ልጅ ትበደርና ተመርቃ ሥራ ስትይዝ በየወሩ ትመልሳለች። አመላለሱን የሚከታተለው ባሌ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ፀጉር ቤቴ ጥግ ላይ፣ የፎጣ መደርደሪያው ሥር ካለችው ጠረጴዛ ይቀመጣል፤ ልጆቹም እየመጡ ያናግሩታል።

«ሥራ አገኘህ?» ይለዋል አንዱን።

«ገና ነኝ ጋሼ።»

«ኦኬ፣ እንግዲያው የዚህን ወር ወደ ፊት እንግፋው። ግን ስልክህን አንሳ እሺ?»

ስልክ የማያነሳ ካለ መኪናውን አስነስቶ ካለበት ድረስ ይሄዳል። ሊቆጣ አይደለም የሚሄደው፤ ልጁ ታሞ እንደሆነ፣ የሥራ ሰዓት ቀንሰውበት እንደሆነ ሊያይ ነው። አንድ ጊዜ እንዲህ ብሎ ኤርፖርቱ አጠገብ ወዳለ ሰፈር ሄዶ፣ የልጁን የመኪና ጎማ ቀይሮ፣ እጁ ግራሶ እንደሆነ ተመለሰ። ስለ ብድሩ ምን አለ ስለው «ውይ፣ ረሳሁት» አለኝ።

እኛ ልጅ አልወለድንም። ብዙ አላወራውም፤ ግን ይህን ሳልናገር ባልፍ፣ ያ ጥግ ቅዳሜ ከሰዓት በልጆች ሲሞላ የባሌ ፊት ምን እንደሚመስል ለሰው አይገባም።

ማኅበሩ እየሰፋ ሲሄድ ጓደኞቹ ጠበቃ ማማከር አለብን አሉ። ጠበቃው ነገሩን ሰምቶ ባሌን «እርስዎ የሚሠሩት ሥራ ስም አለው» አለው። የተማሪ ብድር ሰርቪሰር ይባላል። አበዳሪው ሌላ፣ ገንዘቡን ከተማሪው የሚሰበስበውና ሂሳቡን የሚይዘው ሌላ ሲሆን፣ ያ ሁለተኛው ሰርቪሰር ነው፤ በእኛ ግዛት ደግሞ ያለ ፈቃድ፣ ያለ ላይሰንስ፣ መሥራት አይችልም። ባሌ ያን ዕለት እቤት ሲገባ ግማሽ ፊቱ ድንጋጤ፣ ግማሽ ፊቱ ኩራት ነበር።

«እኔ ለካ ሰርቪሰር ነኝ!» አለኝ።

«እኔም ሽማግሌ ያልተላከባት የሰርቪሰር ሚስት» አልኩት።

በሕጉ መሠረት ለመሥራት ተነሣ። ትንሽ ኩባንያ አቋቋመ፤ ማመልከቻ ሞላ፤ የጣት አሻራ ሰጠ፤ የኋላ ታሪኩ ተጣራ፤ የሂሳብ አያያዙን ሌላ አካውንታንት መረመረለት። ዕድሜውን ሙሉ የሌላውን ሂሳብ ሲመረምር ለኖረ ሰው ይህ ሁሉ ጨዋታ ነበር፤ እንዲያውም እያፏጨ ነበር የሚሠራው። የቀረው ቦንድ ብቻ ነበር።

ቦንድ ዋስትና ነው። ሰርቪሰሩ ከተማሪው የተቀበለውን ቢያጠፋ ወይም ሕግ ጥሶ ተማሪውን ቢጎዳ፣ ቦንዱን የሰጠው ኩባንያ ለተጎዳው ይከፍላል። እስከዚህ ድረስ ደስ ይላል። ኩባንያው ግን ከፍሎ ዝም አይልም፤ ዞሮ የሰርቪሰሩን ባለቤት ይጠይቃል። ሥራው አዲስ በመሆኑ ደግሞ የባሌ ፊርማ ብቻ አልበቃቸውም። ቤታችን የጋራ ነውና ሚስትም ትፈርም አሉ። ባልድዊን ሂልስ ዳገቱ ላይ ያለችው ቤታችን ማለት ነው፤ እግሬ እስኪያብጥ ቆሜ ፀጉር እየሠራሁ የከፈልኩላት ቤት።

እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው። እኔ ካልፈረምኩ ቦንድ የለም፤ ቦንድ ከሌለ ላይሰንስ የለም፤ ላይሰንስ ከሌለ ባሌ ከዚያች ጠረጴዛ ይነሣል፣ የልጆቹም ብድር ለማናውቀው ትልቅ ድርጅት ይሰጣል።

ባሌ ወረቀቱን አምጥቶ የምግብ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ፈርሚ አላለኝም። አትፈርሚም ወይ አላለኝም። ምን እንደሆነ በደንብ አስረዳኝና እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አጋድሞ ራቱን በላ። በማግስቱም እንደዚያው ነበር። ሳህን ሳቀርብ ወረቀቱን እየዞርኩ ነበር የማቀርበው። መናደድ ጀመርኩ። ሰው ሚስቱን አፍ አውጥቶ መጠየቅ ምን ያቅተዋል?

አልነካሁትም። ለምን እንዳልነካሁት ልንገራችሁ። ልጅ ሳለሁ አባቴ ለአንድ የመሥሪያ ቤቱ ወጣት ዋስ ሆኖ ፈርሞ ነበር። ወጣቱ መንግሥት ወደ ውጭ ለትምህርት ሊልከው ነው፤ ተምሮ ካልተመለሰ መሥሪያ ቤቱ ያወጣበትን ዋሱ ይከፍላል። በጣም ጨዋ ልጅ ነበር። ሊለምን እቤታችን የመጣ ቀን የአባቴን ጉልበት ሲስም አይቻለሁ፤ ለእኔም ብስኩት ይዞልኝ ነበር። ሄደ፤ አልተመለሰም። ከአባቴ ደመወዝ በየወሩ መቆረጥ ጀመረ፤ እኔ ሁለተኛ ደረጃ ስጨርስም ገና ይቆረጥ ነበር። አባቴ በዚያ ልጅ ላይ አንድ ክፉ ቃል አልተናገረም። የእሱንም ድርሻ እናቴ ተናገረችለት። እኛ ቤት ፊርማ የሚለው ቃል እንደ በሽታ ስም ድምፅ ተቀንሶ ነበር የሚነገረው። እኔም አድጌ አሜሪካ መጣሁና ካልተመለሱት ልጆች አንዱን አገባሁ።

ባሌ ይህን ታሪክ ያውቃል። እንዲያውም መጀመሪያ የነገርኩት ለእሱ ነው።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን «ዳቦ ልግዛ» ብሎ ወጣ። ዳቦ ሊገዛ ሲሄድ ሱፍ ልብሱን እንዳላወለቀ ልብ ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። ትንሽ ቆይቶ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ሦስት ሽማግሌዎች በሙሉ ልብስ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመዋል። ሦስቱም የባሌ የማኅበር ጓደኞች ናቸው። በሌላ ቀን ቢሆን ሳያንኳኩ ገብተው ፍሪጅ የሚከፍቱ ሰዎች ናቸው። ከመካከላቸው ረጅሙ፣ ጡረታ የወጣ ኢንጂነር፣ ካወቀኝ ጀምሮ «አንቺ ጉድ» እያለ ነው የሚጠራኝ።

«እንደምን ዋሉ?» አለኝ ረጅሙ።

ዋሉ! ከኋላዬ ሌላ ሰው ይኖር እንደሆነ ዞር ብዬ አየሁ።

«ጋሼ፣ ምነው? ሰው ሞተ እንዴ?»

«ሰው አልሞተም። ጉዳይ ይዘን መጥተን ነው።»

«ታዲያ ግቡ፣ ተቀመጡ እንጂ።»

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አለ፤ ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ወደ ጓዳ መስኮት ሄጄ አየሁ። መንገዱ መታጠፊያ ላይ የመኪናችን አፍንጫ ብቅ ብሏል፤ እኔ ራሴ ያጋጨሁት ስለሆነ የትም ባየው አልስተውም። ረጅሙ ጋሼ ዓይኑ ከደከመ ወዲህ መንዳት ትቷል፤ ሶ ሙሽራው ራሱ ሽማግሌዎቹን ከየቤታቸው ሰብስቦ፣ አምጥቶ፣ አውርዶ፣ ጥግ ላይ ተደብቋል ማለት ነው። ይኸው እኔም እንደ እዚህ አገር ልጆች «ሶ» አልኩ። ሳቄ መጣ። ሳቁ ሲመጣ ደግሞ እንባ ይዞ መጣ፤ ፊቴን በጓዳ ፎጣ ጠርጌ ተመለስኩ።

«ማንን ልትጠይቁ ነው?» አልኳቸው ኮስተር ብዬ። «አባቷም እናቷም በሕይወት የሉም።»

«እናውቃለን» አለ ረጅሙ። «እርስዎ እንደ አባትም፣ እንደ እናትም፣ እንደ ልጅቷም ሆነው ይስሙን። ልጃችን ጨዋ ነው። የተማረ ነው። መጠጥ አይቀምስም…»

«ይቀምሳል።»

«በመጠኑ ይቀምሳል» አለ ሳይደናገጥ። «ለወገን ልጆች ብሎ አንድ ሥራ ጀምሯል። ለዚያ ሥራ ላይሰንስ ይፈልጋል፤ ላይሰንሱ ቦንድ ይፈልጋል። ልጅዎን አይደለም ልንጠይቅ የመጣነው፤ የልጅዎን ፊርማ ነው። እንግዲህ መቼም ፔፐር ነው፤ ፎርማሊቲ ነው፤ ልጃችን አንድ ሳንቲም እንደማያጎድል ሁላችንም…»

ፔፐር ነው ማለቱ ትንሽ አበሸቀኝ።

«ጋሼ» አልኩት፣ «እርስዎ ከአገር ሲወጡ ዋስ የሆነልዎት ማን ነበር?»

ከረጅሙ ጎን ያለው ሽማግሌ ምንጣፉን ማየት ጀመረ።

«የእህቴ ባል» አለ ረጅሙ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ያው፣ እዚህ ነኝ። ከፈለ። እኔ የሰማሁት እሱ ካረፈ በኋላ ነው፤ እህቴ ናት የነገረችኝ። ሲጽፍልኝ አንድም ቀን አላነሣውም ነበር።»

ያን መጠየቄ ቆጨኝ። ሰውየው በዚያ ዕድሜው፣ በዚያ ሙሉ ልብሱ፣ ቆሞ ነበር የመለሰልኝ። ልቤ ለእሱ ራራ፤ አባቴ የፈረመለት፣ ብስኩት ያመጣልኝ ልጅም ይህን ያህል ሸብቶ የሆነ ከተማ ይኖር ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ግን ፊርማውን ያን ዕለት መስጠት አልቻልኩም። የሴት ወገን እንደሚያደርገው አደረግኩ።

«ሰምተናል» አልኩ። «ተመካክረን በሚመጣው እሑድ መልስ እንሰጣለን።»

«ከማን ጋር ነው የምትመካከሪው?» አለ አጭሩ ሽማግሌ ረስቶት፤ ረጅሙ በክርኑ ጎሸም አደረገው።

«ከእናቷ፣ ከአባቷና ከራሷ ጋር» አልኩት። ሳይቀመጡ፣ ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ ወጡ።

ባሌ ዳቦ ይዞ ተመለሰ። ምሳ ቀረበ።

«ሽማግሌዎች መጥተው ነበር» አልኩት።

«እውነት? ምን አሉ?»

«ልጃችን መጠጥ አይቀምስም አሉ።»

«ተይ እንጂ!» አለና ጨው አቀብዪኝ አለኝ። ሳምንቱን ሙሉ ስለ ነገሩ አንድ ቃል አልወጣውም። ወረቀቱ ከጠረጴዛው ላይ የለም፤ እኔ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼዋለሁ። የት ሄደ ብሎም አልጠየቀኝ።

ወረቀቱን ይዤ ፀጉር ቤት ሄድኩ። እኔ ጋ የምትሠራ አንዲት ሴት አለች፤ እጇም ፈጣን ነው፣ ምላሷም ፈጣን ነው። ኮሌጅ የተማረችው በብድር ነው፣ ከማኅበሩ ግን አይደለም። አንድ ጊዜ ብድሯ ከአንድ ሰርቪሰር ወደ ሌላ ሲዛወር የከፈለችው ጠፋባት። አዲሱ አልደረሰኝም ይላል፤ አሮጌው ልኬያለሁ ይላል። ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መካከል አጣብቃ፣ ጠብቂ እየተባለች፣ በሁለት እጇ የሰው ፀጉር ስታደርቅ አያታለሁ። የስልኩ ሙዚቃ እኔንም በሕልሜ ይመጣብኝ ነበር። አንድ ቀን ማድረቂያውን አስቀመጠችና አለቀሰች። ቅዳሜ ባሌ ሰማ፤ የከፈለችበትን ደረሰኝ ሁሉ ሰብስቦ፣ ራሱ ስልክ ላይ ተጥዶ፣ ተከራክሮ ገንዘቧ እንዲቆጠርላት አደረገ። ሰርቪሰርነት ከዚያ ወዲህ ነው የባሰበት።

«እስቲ ይሄን አንብቢና በአማርኛ ንገሪኝ» አልኳት። ባሌ አስረድቶኛል፤ ከሌላ አፍ መስማት ፈልጌ ነው።

ቆማ አነበበችው። «እትዬ፣ ሶ ምን ይላል መሰለሽ፣ ጋሼ ቢያጠፋ የቦንድ ካምፓኒው ለስቱደንቱ ይከፍላል፤ ከዛ ካንቺና ከሱ ይቀበላል።»

«እሱን አውቃለሁ። ጋሼሽ ያጠፋል ወይ?»

«ጋሼ? ጋሼ እኮ ካልኩሌተሩን አያምንም። ካልኩሌተሩ ከደመረ በኋላ በእጁ ደግሞ ይደምራል።» ሳቀችና ወረቀቱን እንደገና አየችው። «ቆይ ግን፣ የኔ ሰርቪሰርም ላይሰንስ ካለው እንደዚህ አይነት ቦንድ ነበረው ማለት ነው?»

«ሳይኖረው አይቀርም።»

«እኔን ማንም አልነገረኝም! ያን ሁሉ ጊዜ ሆልድ ላይ ስቆም እኔ ብቻዬን የቆምኩ ነበር የመሰለኝ። ለካ እኔም ዋስ ነበረኝ።»

ወደ ደንበኛዋ ተመለሰች። እኔ ግን ማበጠሪያውን እንደያዝኩ ቀረሁ። በአባቴ ጊዜ ዋስ የሚጠራው ተማሪው መሥሪያ ቤቱን እንዳይከዳ ነበር። ይሄኛው ዋስ የሚጠራው ተማሪውን እንዳይከዱት ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው ቃል ያው የድሮው ቃል ነው፣ የሚጠብቀው ሰው ግን ሌላ ነው። ይህን አስቤ ደስ አለኝ። ማታ እቤት ገብቼ ግድግዳውን ሳየው ደግሞ ፈራሁ። ቤቴን እወዳታለሁ። ደስታውም ፍርሃቱም እኩል እውነት ነበሩ።

እሑድ መጡ። ሰዓታቸውን ጠብቀው፣ ያንኑ ልብስ ለብሰው። የመኪናችን አፍንጫም መታጠፊያው ላይ ነበር።

«መልስ ልንሰማ መጥተናል» አለ ረጅሙ።

«መልሱን ከመናገሬ በፊት ልጃችሁን ማየት እፈልጋለሁ።»

ተያዩ። እንዲህ ያለ ሥርዓት የለም መሰለኝ። አጭሩ ሽማግሌ ስልኩን አውጥቶ «ና፣ ግባ፣ ትፈልግሃለች» አለ። ባሌ በገዛ ቤቱ በር አንኳክቶ ገባ። የት እንደሚቆም ጠፋው፤ ከሽማግሌዎቹ ጎን ይቁም፣ ከእኔ ጎን ይቁም፣ መካከል ላይ ቀረ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው» አልኩት። «አንድ ቤት እያደርን፣ አንድ ትሪ እየበላን፣ ለምን ራስህ አልጠየቅከኝም? ለምን እነዚህን ትልልቅ ሰዎች ታቆማለህ?»

ነጠላ አልለበሰም ነበር፤ እጁን የት እንደሚያደርገው አጥቶ የሱፍ ኮቱን ቁልፍ ይዞ ቆመ።

«ራሴ ከጠየቅኩሽ እሺ ትያለሻ» አለኝ። «ሁልጊዜ እሺ ነው የምትዪኝ። ወንድሜን እናምጣው ስልሽ እሺ አልሽ። ጡረታ ቀድሜ ልውጣ ስልሽ እሺ አልሽ። ታጉረመርሚያለሽ፣ ታበሽቂኛለሽ፣ ግን እሺ ነው። ይሄኛው ግን የአባትሽ ነገር አለበት። አንቺ ስለ ፊርማ የነገርሽኝን እኔ አልረሳሁም። ሽማግሌ ሲላክ ግን የሴት ወገን እምቢ ማለት ይችላል። እምቢ ቢል የሚቀየመው የለም፤ ወግ ነው። እምቢ ማለት እንድትችይ ብዬ ነው የላክኋቸው።»

እኔ የጠበቅኩት ሌላ ነበር። ስለ ድሮው ቀልድ ይክሰኛል፣ ያስቀኛል ብዬ ነበር። ይህን ሰው አውቀዋለሁ ብዬ ሠላሳ ዓመት ኖሬ፣ እሱ እኔን ያን ያህል እንደሚያውቀኝ አላውቅም ነበር።

አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ቃል ለእኔም እንግዳ ነበር።

«እምቢ።»

ረጅሙ ሽማግሌ ነጠላውን እንደገና አጣፋ። ባሌ አየኝ። ተቆጥቶ እንደሆነ ፊቱን መረመርኩት፤ ቁጣ የለም። ሳይመጡ በፊት ከቦርሳዬ አውጥቼ ያስቀመጥኩትን ወረቀት ከጠረጴዛው ላይ አነሣ፣ በጥንቃቄ አጠፈው፣ በኮቱ የውስጥ ኪስ ከተተው።

«እሺ» አለ። «ነገ ለጠበቃው እደውላለሁ። ልጆቹን ግን ሌላው ሰርቪሰር ሳይደውልላቸው በፊት እኔ አንድ በአንድ እነግራቸዋለሁ፤ ከኔ ነው መስማት ያለባቸው።» ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። «ስለደከማችሁልኝ አመሰግናለሁ። መልሱን ሰምታችኋል። እባካችሁ፣ ማንም እንዳይጨቀጭቃት።»

ይህን ብሎ ውኃ ላምጣላችሁ አለና ወደ ጓዳ ገባ።

ከሳሎኑ ሆኜ ጀርባውን አየሁት። አንዱን ቁም ሳጥን ከፈተ፣ ዘጋ። ሌላውን ከፈተ፣ ዘጋ። ብርጭቆው ይህን ቤት ከገዛን ጀምሮ ከቧንቧው በላይ ካለው ቁም ሳጥን ተንቀሳቅሶ አያውቅም። ባሌ እፊቱ ቆሞ ብርጭቆ አጣ።

ተነሥቼ ሄድኩ። ምንም ሳልናገር እጄን ኮቱ ውስጥ ሰድጄ ወረቀቱን አወጣሁት።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አለኝ።

«ልፈርም ነዋ።»

«እምቢ ብለሻል እኮ።»

«ብያለሁ። አሁን ደግሞ እሺ ልል ነው።»

«ለኔ ብለሽ ከሆነ ተዪው። እውነቴን ነው፣ ምንም አይደለም።»

«ምንም እንዳልሆነማ አየሁ» አልኩት። «ያን ማየት ነበር የፈለግኩት።»

ያን ቀን ጓዳ ውስጥ ያሰብኩት ስለ አባቴ ነው። ያ ልጅ ጉልበቱን ሲስመው አባቴ ምን ማለት ይችል ነበር? ጉልበቱ ተይዟል፣ ልጆቹ ያያሉ፣ ብስኩቱ ተበልቷል። እምቢ የማይባልበት ቦታ ላይ አቁመውት ነበር የፈረመው። እኔን ግን እምቢ አስብሎኝ፣ እምቢታዬን አጥፎ ኪሱ ከትቶ፣ ልጆቹን እንዴት እንደሚሰናበት የሚያስብ ሰው ነበር ከፊቴ የቆመው። ለዚህ ሰው ዋስ ካልሆንኩ ለማን ልሆን ነው?

የምድጃው ጎን ላይ ዘርግቼ ፈረምኩ። ፊርማዬ ፀጉር ቤቴ ከተሰቀለው ፈቃድ ላይ ካለው ጋር እምብዛም አይመሳሰልም። ባሌ እንባው ወረደ፤ ላየው እንደማልፈልግ መስዬ ብርጭቆዎቹን አወረድኩ።

በትዳራችን ውስጥ እምቢ ያልኩት ያን ቀን ብቻ ነው፤ እሱም ውኃ ተቀድቶ እስኪቀርብ ድረስ አልቆየም።

ከሳሎን የረጅሙ ሽማግሌ ድምፅ መጣ፤ ወጉ አልቆለት፣ ወደ ድሮው ተመልሶ ነበር።

«አንቺ ጉድ! ጉልበታችን አለቀ እኮ፤ ተፈቀደልን ወይስ ቆመን እንቅር?»

«ይቀመጡ፣ ጋሼ» አልኩት። «ሁላችሁም ተቀመጡ።»